ምንዋጋውና ጓንጉል ዱላ ቤት

አያ ጓንጉል ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚውሉት ዱላው ቀጥ ማለቱን ለማየት ይመስለኝ ነበር። ምን ያጠራጥራል? አባቴም ዱላ ሲያነሣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በሌላው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመለከታል። ልዩነቱ አባቴ አይቶ ሲጨርስ ይከፍተዋል፤ አያ ጓንጉል አይከፍቱም። ገበያ ሲወጡም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙም፣ ሲበሉም ጨፍነው ነው። እንግዲህ ከአባቴ የበለጠ ለሥራው የሚተጉ ሰው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ ደግሞ ላየው ነገር ሁሉ ምክንያት አያጣም።

ዱላ ቤቱ ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው ወደ ታች ሲወረድ ነው። አንዲት ቆርቆሮ የለበሰች ክፍል ናት፤ በሯ ላይ «ምንዋጋውና ጓንጉል ዱላ ቤት» የሚል በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ጣውላ ተሰቅሏል። ምንዋጋው አባቴ ነው። ሁለቱም የፃግብጂ ልጆች ናቸው፤ አብረው ከብት ጠብቀው፣ አብረው ከተማ ገብተው፣ በአንድ መጥረቢያ ሥራ የጀመሩ። የሽማግሌ ምርኩዝ፣ የካህናት መቋሚያ፣ የዶማ እጀታ ይሠሩ ነበር። ስማቸውን ያስጠራው ግን የገና ዱላ ነው። ኅዳር ከገባ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ የሰቆጣ ጎረምሳ ብቻ ሳይሆን ከኒሯቅና ከዚያም ወዲያ የሚመጣው በራችን ላይ ይሰለፋል። ዱላውን ተቀብሎ አየሩን ይቀዝፍበታል፣ ጫፉን መሬት ላይ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ ሩሯን፣ የገናዋን የእንጨት ኳስ፣ እንደሚመታ ሰው ወገቡን ያጎብጣል። ከሌላ ቤት የተገዛ ዱላ በመጀመሪያው ምት ይሰነጠቃል፤ የእነ ምንዋጋው ዱላ ለታናሽ ወንድም ይተርፋል ይባል ነበር።

እንጨቱ የአያ ጓንጉል ነው፣ እሳቱ የአባቴ። አያ ጓንጉል ወይራውን ከገደል አፋፍ መርጠው ይቆርጣሉ፣ ይልጣሉ፣ በጥላ ያደርቃሉ። አባቴ ጫፉን ፍም ላይ እያገላበጠ ያሞቀዋል፤ ለስለስ ሲል አንድ የተቦረቦረ ግንድ አለ፣ እዚያ ውስጥ ሰክቶ ይቆለምመዋል፣ በጠፍር ጠፍንጎ ያስረውና ጓሮ ፍግ ውስጥ ይቀብረዋል። ከፍግ ሲወጣ ወደ አያ ጓንጉል ይመለሳል። እሳቸው በጠርሙስ ስባሪ ይፍቁታል፣ ሞራ ቀብተው ያሹታል። አንድ ዱላ እስኪያልቅ ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ነው።

እነሱ ግን አይነጋገሩም ነበር። ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው የሚሠሩት። በመካከላቸው ደግሞ እኔ አለሁ፣ በርጩማ ላይ።

«ማንጠግቦሽ» ይላል አባቴ፣ ከፍሙ ላይ ቀና ሳይል፤ «ሞረዱን ያቀብለኝ በይው።»

«አያ ጓንጉል፣ ሞረዱን ያቀብሉት።»

«ከእግሩ ሥር ነው ያለው በይው።»

«አባዬ፣ ከእግርህ ሥር ነው ያለው።»

አባቴ ይህን ሁሉ በገዛ ጆሮው ሰምቷል። አያ ጓንጉል ያሉበት እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ነው። እኔ እስክነግረው ድረስ ግን ወደ እግሩ አያይም፤ ከነገርኩት በኋላ ጎንበስ ይልና ሞረዱን አንስቶ ሥራውን ይቀጥላል። እኔም ኮራ ብዬ እቀመጣለሁ። ያለ እኔ ዱላ እንደማይሠራ እርግጠኛ ነበርኩ። ከእኔ መወለድ በፊት እንዴት ሲሠሩ እንደኖሩ ለማሰብ እንኳ ይከብደኝ ነበር።

በሰፈራችን ልጆች ዘንድ የዝምታ ጨዋታ የምንለው ነበረን። ትይዩ ይቀመጡና መጀመሪያ የተናገረ ይሸነፋል፤ ተሸናፊ ደግሞ ይቆነጠጣል። አባቴና አያ ጓንጉል የያዙት ይህንኑ ጨዋታ መሰለኝ፤ ትልቅ ሰዎች ስለሆኑ ብቻ የእነሱ ረዝሟል። ማን ይሸነፍ ይሆን እያልኩ እጓጓ ነበር። እውነቱን ለመናገር በልቤ የማደላው ለአያ ጓንጉል ነው፣ ምክንያቱም ከኪሳቸው ሽንብራ ቆሎ አይጠፋም።

አሁን አስተማሪ ነኝ፤ በዚያው ዕድሜ ያሉ ልጆች በየቀኑ ከፊቴ ይቀመጣሉ። ልጅ የማይገባውን ነገር ጨዋታ ብሎ ሲጠራው በየጊዜው አያለሁ።

አንድ ቀን አያ ጓንጉልን ለመሆን ፈለግሁ። ማለዳ ስነሣ ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። እናቴ ፊቴን ስታጥበኝ ሳሙና የገባብኝ መስሏት በውሃ ላይ ውሃ ጨመረችልኝ። መንገድ ላይ እየተደናቀፍኩ ወረድኩ። በአንድ ዓይን ሲታይ ጉድጓዱ ሁሉ ቅርብ ነው የሚመስለው፣ ወይም ሩቅ፤ እግሬን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ዱላ ቤት ስደርስ አንድ የገጠር ጎረምሳ ዱላ ሲያማርጥ ነበር። አያ ጓንጉል እንደሚያደርጉት ከግድግዳው አንድ መቋሚያ አነሣሁና ወደ በሩ ብርሃን ዘርግቼ በቀኝ ዓይኔ ተመለከትኩት።

«ቀጥ ብሏል» አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ።

ጎረምሳው ሳቀ። ሳቁን ግን አልጨረሰውም። አባቴ ዞሮ አየኝ፤ አያ ጓንጉልን አየ፤ መልሶ እኔን። ፍሙ ላይ የያዘው ዱላ እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዱላው ጭስ ወጣ፣ ቀጥሎ ነበልባል ያዘው፤ አባቴ አላገላበጠውም። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልተቆጣኝም። ዱላውን እዚያው ጥሎ በጓሮ በር ወጣ። ፍጉ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ሲቆም በበሩ ክፍተት አየሁት።

አያ ጓንጉል የሚፍቁትን አስቀመጡ። ወደ እኔ መጥተው ቁጢጥ አሉ። ሰውነታቸው ሞራ ሞራ ይሸታል። አውራ ጣታቸውን በጨፈንኩት ዓይኔ ላይ ቀስ አድርገው ጫኑና ቆዳውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉት።

«ክፈቺ ልጄ» አሉኝ። «ሁለቱንም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አርጅቻለሁ። አንዱ ይበቃኛል። ለልጅ አይፈቀድም።»

ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሎ አውጥተው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። «ሂጂና ለአባትሽ ዱላው ሸተተ በይው።»

ሄጄ «ዱላው ሸተተ ይላሉ» አልኩት። አባቴ ዘወር ሳይል «እሺ በይው» አለኝ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነበር፤ እኔም ጭሱ ነው አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም። ለትልቅ ሰው ብቻ የተፈቀደ መስሎኝ ለማደግ ቸኮልኩ እንጂ።

ያን ሰሞን ይመስለኛል የአባቴ የነፍስ አባት፣ አባ ገብረ ኢየሱስ፣ ለጸበል ጸዲቅ ቤታችን የመጡት። እኔ መደቡ ጥግ የተኛሁ መስያለሁ። አባቴ ሥራ ላይ ነው። እናቴ ጥሩሐረግ ጠላውን ከቀዳችላቸው በኋላ አጠገባቸው ቆማ ነጠላዋን ታፍተለትላለች።

«አባቴ፣ እነዚህን ሰዎች ቢያስታርቁልኝ» አለቻቸው።

«የትኞቹን?»

«ምንዋጋውንና ጓንጉልን ነዋ።»

«ተጣሉ?»

አባ ገብረ ኢየሱስ ዋንጫውን አስቀመጡ።

«ተሰዳድበዋል? አንዱ አንዱን ከሷል? አንዱ በአንዱ ላይ ክፉ ተናግሯል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ልጄ፣ ያልተጣላ ሰው እንዴት አድርጌ ላስታርቅ? ምን ብዬ ልቀመጥ? ሽማግሌ ሲቀመጥ በዳይና ተበዳይ ተለይቶ ነው። እዚህ ማንን በዳይ ልበል? የገና ነገር እኮ ነው፤ እዚያው ሜዳው ላይ አልቋል።»

«አልቋል፤ እውነትዎን ነው» አለች እናቴ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ደስ አለኝ። አባ ገብረ ኢየሱስን የመሰለ ሰው አልተጣሉም ካለ አልተጣሉም። ጨዋታ ነው ማለት ነው። እንዲያውም የገና ጨዋታ ነው ብለዋል። ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ሆነልኝ።

ገና ሲደርስ ግን አንድ የማይገባኝ ነገር ነበር። በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ታች ሜዳው ላይ ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ይጋጠማሉ፤ አቧራው እስከ እኛ ሰፈር ይታያል፣ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ እንጨት የሚፈልጡ ይመስላል፤ ሴቶቹ ዳር ሆነው የየሰፈራቸውን ያሞግሳሉ። ያ ሁሉ ዱላ ከእኛ ቤት የወጣ ነው። የሠሩት ሁለቱ ሰዎች ግን አይወርዱም። አባቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ጠላውን ይይዛል፤ ሲጠጣው ግን አላየሁም። ከሜዳው ጩኸት በሰማ ቁጥር ቀና ይልና ጆሮውን ያቆማል፤ ሁካታው ተመልሶ ጨዋታ ሲሆን ትከሻው ይወርዳል። ዱላ ሠሪ ገና መጫወት አይፈቀድለትም ብዬ ለጓደኞቼ አስረዳሁ። ወጥ የሠራች ሴት መጀመሪያ እንደማትበላው ማለት ነው አልኳቸው። አመኑኝ።

ነገሩን ያወቅሁት ለትምህርት ወደ ወልድያ ልሄድ በተነሣሁበት ዓመት ነው። እናቴ ፀጉሬን እየሠራችኝ ነበር። አንገቴ በጉልበቷ መካከል ተይዟል፤ ፊቷን አላየውም። ምን እንዳሳሰባት አላውቅም፣ ብቻ ዝም ብላ ጀመረችው።

እኔ ሳልወለድ ነው። ሁለቱም በአንድ ወገን ሆነው ይጫወቱ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። በዚያ ዓመት ለሰው ሁሉ ሠርተው ሲጨርሱ ለራሳቸው አንዳንድ ዱላ ሠርተዋል። አባቴ ሩሯ ከፊቱ ስትወድቅ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። ዱላው ከመታጠፊያው ላይ ተሰበረ። ቆልማማው ጫፍ ተፈናጥሮ ከጎኑ የሚሮጡትን አያ ጓንጉልን ዓይናቸው ላይ መታቸው። ሐኪም ዘንድ ተወሰዱ፤ ዓይናቸው ግን አልተረፈም።

በእኛ አገር በገና ሜዳ የተጎዳ ሰው ካሳ አይጠይቅም፣ ቂምም አይዝም። ይህን የማያውቅ የለም። የመታውም ሰው ይቅርታ አይልም፤ ይቅርታ ማለቱ ራሱ አስቤ ነው የመታሁህ እንደ ማለት ይቆጠራል። ሽማግሌዎቹ እዚያው ደሙ ሳይደርቅ «ገና ነው» አሉ፤ ሁለቱም «ገና ነው» ብለው መለሱ። አለቀ። አያ ጓንጉል ቁስላቸው ሲሽር ጥምቀትን አሳልፈው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አባቴ በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸው ነበር። ምን ብሎ ይናገር? አንድ የሚናገረው ነገር ነበረው፤ እሱን ደግሞ መናገር አይቻልም። ሌላ ወሬ ማውራት ደግሞ ያሳፍራል። አያ ጓንጉልም ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን እንዲያ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከመጀመሪያው ቀን የተለየ አልሆነም።

«ከአንቺ በፊትማ በጣት ነበር የሚግባቡት» አለች እናቴ፣ ሹሩባውን እየቋጨች። «አንቺ አፍ ስትፈቺ ነው ዱላ ቤቱ ውስጥ ወሬ የተሰማው።»

አለቀስኩ። አንገቴ ተይዞ ስለነበር እንባዬ ወደ ጆሮዬ ነው የወረደው። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ምን እንደሆነ ዛሬም አልለየሁትም። ያ ዓይን ይሁን፣ ወይስ በዚያ በርጩማ ላይ የተቀመጥኩበት ኩራት።

ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አባቴ በዚያ ሁሉ ዘመን «ይህ እንጨት አንጓ አለው በይው» ብሎኝ አያውቅም። እንጨት ሲበላሽበት «ሌላ ይስጠኝ በይው» ነው። አያ ጓንጉልም «እሳቱ» የምትል ቃል ከአፋቸው አትወጣም፤ ዱላ ሲቃጠል እንኳ «ሸተተ» ነው የሚሉት። አንዱ በሌላው ሥራ ላይ ጣቱን ላለመቀሰር ቃሉን እየመረጠ ነው የኖረው። ያኔ ይህ መከባበር ይሁን ቂም አላወቅሁም ነበር።

ተምሬ ተመለስኩና ሰቆጣ ሥራ ያዝኩ። ጦርነቱ መጣ። ከተማውን ለቀን ወጥተን ስንመለስ የዱላ ቤቱ በር ተገንጥሎ፣ ፍግ ውስጥ የነበረው ዱላ ሁሉ ወጥቶ ማገዶ ሆኗል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አመዱን አዩት። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ወይራ ፍለጋ ይሄዳል ወይ በይው» አለኝ። አያ ጓንጉል «ነገ ማለዳ በይው» አሉ። ያ ጣውላ ግማሹ ተሰንጥቆ ስለነበር ገልብጠው እንደገና አስጻፉት። ሁለቱም ስም እንደ ድሮው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አባቴ ወደቀ። ዕድሜውን ሙሉ የሳበው ጭስ ሳንባውን እንደጨረሰው ሐኪሙ ነገረን፤ የሚደረግ ነገር የለም፣ ቤቱ ይሁን አለን። ቤት አስገባነው። ትራስ ደግፈን አስቀመጥነው። አያ ጓንጉል በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ምርኩዛቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ በርጩማ ስበው ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ በመካከላቸው እቆማለሁ። እንዴት ዋለ በይው። ደኅና ነኝ በይው። ትንሽ በልቷል ወይ በይው። አሁን ግን ያ የልጅነት ኩራት የለም፤ ያለው ፍርሃት ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ አባቴ ይሞትብኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። መናገር ደግሞ አልችልም፤ ምን ልበል? አልተጣሉም እኮ።

ባለፈው ሳምንት እንዲያው ተቀምጠን አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

«ማንጠግቦሽ።»

«አቤት አባዬ።»

«እሳቱ በርትቶባት ነበር በይው።»

ወደ አያ ጓንጉል ዞርኩ። «እሳቱ በርትቶባት ነበር ይላል።»

አያ ጓንጉል የምርኩዛቸውን እጀታ በአውራ ጣታቸው ሲያሹ ቆዩ። «የትኛዋን በይው» አሉ፣ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

«ያችን። የራሴን። በር ላይ ወሬ ይዤ ቆይቼ ስገባ ጠቁራ አገኘኋት። ጥቁሩን ፋቅሁና አሰርኳት በይው። እያወቅሁ ነው የያዝኳት።» ሳሉ ያዘው። ውሃ ሰጠሁት፤ ተጎንጭቶ መለሰልኝ።

አያ ጓንጉል ሳሉ እስኪበርድ ጠበቁ።

«አይደለም በይው» አሉ። «አንጓ ነበራት። ከመታጠፊያዋ ላይ። ስቆርጣት አይቻታለሁ፤ ያኔ ሁለት ዓይን ነበረኝ። ገናው ደርሶ ነበር፣ ተመልሼ ገደል መውጣት ሰለቸኝ። ለኛው ናት ብዬ ሰጠሁት። ዓይኔን ያጠፋሁት እኔው ነኝ በይው።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። አፌን ከፈትኩ። አባቴ እንደ ልማዱ እኔን እየጠበቀ ነው፤ ዓይኑ አፌ ላይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አንዱ የተናገረውን ሌላው ያልሰማ አስመስዬ ኖሬያለሁ።

«ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኩና ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ምን ሆንሽ አለችኝ፤ በእጄ ምልክት ዝም በይ አልኳት። በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ከውስጥ ምንም አይሰማም። አንድ ባጃጅ በመንገዱ አለፈ። ተሳስቻለሁ፣ ገብቼ ልንገረው ብዬ እግሬን ሳነሣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ጓንጉል» አለ።

በልጅነት ሕጋችን አባቴ ተሸነፈ።

ቀጥሎ ያለው አማርኛ አልነበረም። አባቴ ኽምጣኛ፣ የተወለደበትን አገር ቋንቋ፣ የረሳ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ እያለሁ በዱላ ቤቱ ውስጥ አንድም ቀን አልተነገረም። ለካ የሁለቱ የብቻ ቋንቋ ስለነበር ነው። የእኔ ኽምጣኛ የገበያ ነው፤ ግን አንዱ የእኔ ነው ሲል ሌላው አይደለም የእኔ ነው እንደሚለው አልጠፋኝም። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር። ከዚያ አያ ጓንጉል ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አባቴ ከዚያ ከተበሳሳ ሳንባው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከእሳቸው በላይ ጮኸ። አያ ጓንጉል ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ ተሰማ። አባቴ ማሳል ጀመረ፤ እያሳለም መናገሩን አልተወም።

እናቴ ሰፌዱን ይዛ ብድግ አለች። ምስሩ ፈሰሰ።

«ምንድን ነው? ተጣሉ እንዴ?»

«ተጣሉ» አልኳት።

ቆማ አዳመጠች። ፊቷ ላይ እንባ ወረደ፤ አልጠረገችውም። አባ ገብረ ኢየሱስ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሰፌዱን መሬት ላይ አኖረችና ነጠላዋን ከገመዱ ላይ ስባ ሌላ ሽማግሌ ልትጠራ ወጣች።